ሁለተኛዋ ጥይት

ዓመቱ 1909 ነው፤ ቦታው በኬንያ ተራራ አቅራቢያ ያለ ጥቅጥቅ ደን። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካን ፕሬዚዳንትነት ካስረከበ ገና ወራት የተቆጠሩለት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዝሆን ዱካ ተከትሎ ደኑ ውስጥ ገብቷል። አብሮት ከኒንግሃም የሚባል፣ አገሩንም እንስሳውንም የሚያውቅ አዳኝ አለ። ሩዝቬልት የያዘው የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የሠራውን፣ እንግሊዛውያን ወዳጆቹ አዋጥተው የሸለሙትን፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተገጠመለት ከባድ ጠመንጃ ነው።

ዝሆኑን በቅጠሉ መሃል አዩት። ሩዝቬልት አንዱን አፈሙዝ ተኮሰ፤ ዝሆኑ ተንገዳገደ። ሁለተኛውን ደገመ፤ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ከግራ በኩል ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ሌላ ኮርማ ዝሆን ወጣባቸው፤ ኩምቢውን ቢዘረጋ ሰውየውን በሚነካበት ቅርበት። የሩዝቬልት ጠመንጃ ባዶ ነበር። ከዛፍ ግንድ ኋላ ዘሎ፣ ጠመንጃውን ከወገቡ አጥፎ ከፍቶ፣ ሁለቱን ቀለህ አውጥቶ ሁለት ጥይት እስኪከት ድረስ ከኒንግሃም ሁለቴ ተኩሶ ዝሆኑን አዞረለት። ዝሆኑም እየጮኸ ደኑ ውስጥ ገባ።

እስከ ሁለተኛዋ ጥይት ድረስ ከዚያ ጠመንጃ የሚፈጥን የአደን መሣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሦስተኛዋ ስትፈለግ ግን ከሁሉም የዘገየው እሱ ሆነ። የአደን ጠመንጃ ሲመረጥ ብዙው ጨዋታ ስለ ጥይቱ ውፍረት፣ ስለ መነጽሩና ስለ ሰደፉ እንጨት ነው። ማቀባበያው፣ ማለትም የተተኮሰውን ቀለህ አውጥቶ አዲሱን ጥይት የሚያጎርሰው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከመጨረሻ ነው። የመጀመሪያዋን ጥይት ማንኛውም ጤነኛ ጠመንጃ ይተኩሳታል። ጠመንጃዎቹ የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው፦ ሁለተኛዋ በስንት ጊዜ ትደርሳለች? ሦስተኛዋስ አለች? ስትገባ እንቅፋት ይገጥማታል? ስለዚህ ለየትኛው እንስሳ የትኛው ማቀባበያ ይሁን የሚለውን ጥያቄ እኔ የምጀምረው ሁለተኛዋ ጥይት የምትፈለገው የት ሆኖ ነው ከሚለው ነው።

ሩዝቬልት ራሱ መልሱን በአንድ ጠመንጃ አላገኘውም። ወደ አፍሪካ ሦስት ዋና ዋና ጠመንጃዎችን ይዞ ሄደ፤ የሦስቱም ማቀባበያ የተለያየ ነበር። አንደኛው ባለ መንታ አፈሙዙ ነው። ሁለተኛው በመቀርቀሪያ የሚሠራው የአሜሪካ ጦር ስፕሪንግፊልድ ሲሆን ሰደፉ ለአደን ተስተካክሎለት ነበር። ሦስተኛው ከቃታው ሥር ባለ ማንሻ የሚቀባበለው የዊንቸስተር 1895 ሞዴል ነው፤ ለአንበሳ ፍቱን መድኃኒት አድርጎ የሚያየው ይህን ነበር። ሦስቱንም በቅደም ተከተል ባይሆንም እናያቸዋለን።

በአገራችን ስናድርና ውጅግራ ይዞ አደን የወጣ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቀው ነበር። ውጅግራ በ1874 ፈረንሳይ የተሠራ፣ መቀርቀሪያ ያለው ግን ካዝና የሌለው ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጥይት በእጅ ይከተታል፣ ይተኮሳል፣ ቀለሁ ወጥቶ ሌላው ይከተታል። አውሬው ከቆሰለና ከዞረ የአዳኙ ዕድሜ በጣቶቹ ፍጥነት ይለካል። አምስት ጎራሽ ሲመጣ እንደዚያ የተወደደው በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም።

ከመቀርቀሪያው እንጀምር፤ ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው የአደን ጠመንጃ ይሄው ነውና። አሠራሩ እንደ ቤት በር መቀርቀሪያ ነው፦ እጀታውን ወደ ላይ ማንሳት፣ ወደ ኋላ መሳብ፣ ወደ ፊት መግፋት፣ ወደ ታች መቆለፍ። ይህን ሐሳብ ከሁሉ አሟልቶ የሠራው ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር ነው። የ1898 ሞዴሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ መቀርቀሪያዎች የእሱ ልጆች ናቸው። የሩዝቬልት ስፕሪንግፊልድም ቢሆን ከማውዘር ሥራ ብዙ ወስዷል፤ አሜሪካ ለፓተንቱ 200 ሺህ ዶላር ከፍላበታለች።

ማውዘር 98ን ከሌላው የለየው ትልቁ ነገር ከመቀርቀሪያው ቀኝ ጎን ተጋድሞ የሚታየው ረጅም የብረት ጥፍር ነው። ጥይቷ ከካዝናው በስፕሪንግ ተገፍታ ስትወጣ የቀለሁ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ተንሸራቶ ከጥፍሩ ሥር ይገባል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀርቀሪያው ጥይቷን ይዟታል፤ አፈሙዙ ውስጥ እስክትገባም ሆነ ቀለሁ ተመልሶ እስኪወጣ አይለቃትም። አዳኙ ደንግጦ መቀርቀሪያውን ግማሽ መንገድ ገፍቶ መልሶ ቢስበው፣ የተያዘችው ጥይት ወደ ውጭ ትወረወራለች፤ ቀጣይዋ ባዶ መንገድ ታገኛለች።

በርካሽ በሚሠሩት ብዙ መቀርቀሪያዎች ላይ ይህ የለም። በእነሱ መቀርቀሪያው ጥይቷን ከኋላ ይገፋታል እንጂ አይዛትም፤ ትንሿ መያዣ ጠርዙን የምትነክሰው መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ሲዘጋ ብቻ ነው። አዳኙ ሳይዘጋ መልሶ ከሳበው የመጀመሪያዋ ጥይት እዚያው ተጋድማ ትቀራለች፤ ሁለተኛዋ ከኋላ መጥታ ትወጋታለች፤ ጠመንጃው ይነክሳል። የቆሰለ ጎሽ ፊት ለፊት ሲመጣ ጣት ከትቶ ሁለት ጥይት መለያየት ለማንም አይመኙትም። ዊንቸስተር በ1936 ባወጣው ሞዴል 70 ላይ ጥፍሩን አድርጎት ነበር፤ በ1964 ወጪ ለመቀነስ አወጣው፤ አዳኙ አኮረፈ። ከ1964 በፊት የተሠሩት ዛሬም ድረስ በተለየ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ፋብሪካውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥፍሩን መልሶ አመጣው።

እዚህ ላይ መጋነን የለበትም። በ1962 የወጣው ሬሚንግተን 700 ጥፍሩ የለውም፤ ሆኖም ለቁጥር የሚያታክት አጋዘን ተገድሎበታል፤ ኢላማ በመምታትም ስሙ የተከበረ ነው። ሚዳቋ ወይም አጋዘን ለሚያድን ሰው ጥፍር ቅንጦት ነው። መልሶ ለሚያጠቃ እንስሳ ግን እኔ አልደራደርም።

መቀርቀሪያ ሌላም ነገር አለው። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶች አፈሙዙ ሥር ስለሚቆለፉ ባሩዱ ሲፈነዳ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው፤ ኢላማ የመምታት ብቃቱ ከዚያ ይመጣል። ቀለሁ ግሎ አፈሙዙ ውስጥ ቢጣበቅም እጀታው ሲነሳ በጠመዝማዛ ጉልበት ፈልቅቆ ያወጣዋል። ይህን ያህል ጉልበት ሌላው ማቀባበያ የለውም፤ በቆላ ሙቀትና በአቧራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመቀርቀሪያ ወዳጆች ሁሌ የሚጠቅሱት ሰው ዋልተር ቤል ነው። ስኮትላንዳዊው ቤል በካራሞጃ፣ በላዶና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖችን ገድሏል፤ አብዛኞቹን በሰባት ሚሊ ሜትር ማውዘር። ጥይቷ ክብደቷ 11 ግራም ገደማ ብትሆን ነው፤ የዘመኑ የዝሆን ጥይት ግን 32 ግራም ይመዝን ነበር። ቤልን ያዋጣው የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ አስከፍሎ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ከየአቅጣጫው ማጥናቱ ነው። ትንሿ ጠመንጃ ስለማትረግጥ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ መቀርቀሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ይሠራል፤ ከመንጋው መሃል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስከትላል። የቤልን ጠመንጃ መግዛት ይቻላል፤ ዓይኑንና እርጋታውን የሚሸጥ ግን የለም። በእሱ ምሳሌ ተበረታተው ቀጭን ጥይት ይዘው ጎሽ ፊት የቆሙ ሰዎች ጉዳይ ነው ዛሬ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ እንስሳት ጥይቱ ቢያንስ .375 ኢንች ውፍረት ይኑረው እንዲሉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ። ሕጉ የጥይቱን ውፍረት ይወስናል፤ ስለ ማቀባበያው ዝም ይላል።

በእኛ አገር የሚታደነው የደጋ አጋዘን የመቀርቀሪያ እንስሳ ነው ብል አልተሳሳትሁም። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በሳይንስ ስሙ የወጣለት በ1910 ነው፤ ቁጥሩ ስለተመናመነም የሚታደነው በተወሰነ ኮታና በፈቃድ፣ እንደ ሙነሳና ኦዶቡሉ ባሉ ክልሎች ብቻ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ማለዳ ከአስታው ቁጥቋጦ ወጥቶ በሸንተረሩ ላይ ሲታይ በአዳኙና በእሱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ሸለቆ አለ፤ ርቀቱ 200 ወይም 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። ጉሙ ሲገለጥ ያለው ጊዜ አጭር ነው። እዚህ ሁለተኛዋ ጥይት ብዙም አትፈለግም፤ የመጀመሪያዋ ናት ሥራውን መጨረስ ያለባት። ከሳተች ወይም ካቆሰለች እንስሳው ወደ አስታው ይመለሳል፤ እዚያ ውስጥ ቁስለኛ ፍለጋ መግባት ለአዳኙም ለመሪውም ቀኑን ሙሉ የሚያደክም፣ ለእንስሳውም ስቃይ ነው። ጥሩ መነጽር የተጫነበት፣ ከአራት ኪሎ የማይበልጥ መቀርቀሪያ እዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ባለ መንታ አፈሙዝ ይዞ ባሌ የሚወጣ ሰው ካለ ለፎቶግራፍ ነው።

መንታ አፈሙዝ ያልሁት ጠመንጃ በእርግጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ጠመንጃ ነው። ሁለት አፈሙዝ፣ ሁለት መርፌ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ቃታ አለው፤ የአንዱ ስፕሪንግ ቢሰበር ሌላው ይሠራል። ሁለተኛዋ ጥይት ዝግጁ ሆና ተቀምጣለች፤ የሚያስፈልገው ጣትን ከፊተኛው ቃታ ወደ ኋለኛው ማንሸራተት ብቻ ነው። የመቀርቀሪያው ኮሽታ የለም፤ ደን ውስጥ ያለው ጎሽ አዳኙ የት እንዳለ የሚያውቅበት ድምፅ አይሰማም። ካዝናና መቀርቀሪያ ስለሌለው አፈሙዙ ሳያጥር ጠመንጃው አጭር ይሆናል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ይዞራል።

ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከለንደን ታዋቂ ቤቶች አንዱ የሠራው እንደሆነ የቤት ዋጋ ያወጣል። ምክንያቱ ጌጡ ብቻ አይደለም። ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት አፈሙዞች ጥይታቸው አንድ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። ባለሙያው ይተኩሳል፣ ወረቀቱን ያያል፣ አፈሙዞቹን የያያዘውን ብየዳ በእሳት አለስልሶ በመካከላቸው ያለችውን ሽብልቅ በጥቂቱ ይገፋል፣ ያቀዘቅዛል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ይህን እየደጋገመ ሁለቱ ጥይቶች ከሃምሳና ከስልሳ ሜትር ላይ አጠገብ ለአጠገብ እስኪያርፉ ይቀጥላል። የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት ጥይት፣ ለአንድ የባሩድ መጠን ነው። ባለቤቱ ሌላ ዓይነት ጥይት የገዛ ዕለት ልፋቱ ገደል ገባ። ከመቶ ሜትር በላይ ለመተኮስም የተሠራ መሣሪያ አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መንታ አፈሙዝ የሚገባው ሌሎች ያቆሰሉትን አውሬ ደን ውስጥ ገብቶ መጨረስ ሥራው ለሆነ ሰው ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በአሥር ዓመት አንዴ ጎሽ ሊያድን የሚመጣ እንግዳ በ.375 መቀርቀሪያ ይሻለዋል፤ በቤቱ የለመደው እንቅስቃሴ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ጥይትም አለው። ሩዝቬልት ከኒንግሃም አጠገቡ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ በቂ ነው።

ወደ ማንሻው እንለፍ። ይህ አሜሪካዊ ነው፤ ጠረኑም የዚያ አገር ደን ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የዊንቸስተር 1894 ሞዴል ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቀጭን ነው፣ ከጎን ወጣ ያለ ነገር የለውም፤ በፈረስ ኮርቻ ጎን ይሻጣል፣ ሲታደን ደግሞ መሃሉ ላይ በአንድ እጅ ይያዛል። ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ፊት ገፍቶ መመለስ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻ አይወርድም፣ ዓይንም ከእንስሳው ላይ አይነሳም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ደን ነጭ ጭራ ያለው አጋዘን ከአዳኙ በሃምሳ ሜትር ብድግ ብሎ በዛፎቹ መሃል ሲሮጥ ሁለተኛዋ ጥይት የምትፈለገው ወዲያው ነው፤ ያን ጊዜ ማንሻው ከመቀርቀሪያ ይፈጥናል።

ችግሩ ጥይቶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። በ1894ቱና በብዙዎቹ ወንድሞቹ ላይ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ይተኛሉ፤ የአንዷ ጫፍ ከፊቷ ያለችውን ጥይት ቂጥ፣ እሳት የሚጭረውን ካፕሱል ይነካል። ጫፏ ሹል ከሆነች ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር ካፕሱሉን ልትወጋውና ቱቦው ውስጥ ልታፈነዳው ትችላለች። ስለዚህ ጫፋቸው ጠፍጣፋ ጥይቶች ይደረጋሉ፤ ጠፍጣፋ ጥይት ደግሞ አየር ስለሚገታው በሩቅ ይወድቃል። ከ150 ሜትር በላይ አያምኑትም። ጫፋቸው ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ጥይቶች ከመጡ ወዲህ ርቀቱ ትንሽ ጨምሯል፤ ቢሆንም ሸለቆ የሚያሻግር መሣሪያ አልሆነም። የሩዝቬልት 1895 ከዚህ ችግር ነፃ ነበር፤ ብራውኒንግ በቱቦ ፈንታ ሳጥን ካዝና ሰጥቶታል። አንበሳ ሜዳ ላይ ሲሮጥበት ሩዝቬልት ይህን መምረጡ ስህተት አልነበረም፦ ከባድ ጥይት፣ ፈጣን ሁለተኛ፣ ተከትላም ሦስተኛ።

ፓምፕ የሚባለው፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላ ስቦ በመግፋት የሚቀባበለው፣ ለአጋዘን የተስፋፋው ባንድ በኩል በሕግ ምክንያት ነው። ፔንሲልቬንያ ለትልልቅ እንስሳት አደን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ለረጅም ዘመን ከልክላለች፤ ፍጥነት የፈለገ አዳኝ በ1952 ወደ ወጣው ሬሚንግተን 760 ዞረ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ፓምፕ ያለው የአእዋፍ ጠመንጃ የለመደ እጅ ወዲያው ይስማማዋል።

ከፊል አውቶማቲክ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን በአፈሙዙ ቀዳዳ ቀንሶ ማቀባበያውን በራሱ ያሠራል፤ አዳኙ ቃታውን ብቻ ይስባል፤ ርግጫውም ይለዝባል። ብራውኒንግ ባር የሚባለው ከ1967 ጀምሮ በአውሮፓ የዱር አሳማ አደን የታወቀ ነው። እዚያ ሰዎችና ውሾች ደኑን እየጮኹ ይነዳሉ፤ አሳማው የተመነጠረችውን ጠባብ መስመር በሁለት ሰከንድ ተሻግሮ ይጠፋል፤ ከኋላው ሌላ ይከተላል። ጀርመን እንዲህ ያለው ጠመንጃ ከሦስት ጥይት በላይ ጎርሶ እንዳይታደንበት ትከለክላለች። አሸዋና ጭቃ በበዛበት አገር፣ የሚያጸዳው ሰው ሰነፍ ከሆነ፣ ይህ ማቀባበያ ቀድሞ ይታመማል። ለዚያው ለአሳማው ጀርመኖች መካከለኛ መንገድ አበጅተዋል፤ እጀታው ሳይነሳ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሳብ መቀርቀሪያ። ብላዘር በ1993 ያወጣው አር 93 እና በ2008 የተከተለው አር 8 ከዚህ ወገን ናቸው፤ ፈጣኖች ናቸው፤ ውድም ናቸው።

አንድ ጎራሽ አልሞተም። በ1870ዎቹ የአሜሪካን ጎሽ ሊያጠፋ የተቃረበው እሱ ነው፤ ሻርፕስ የሚባለው ከባድ ጠመንጃ በሩቅ ተተክሎ መንጋውን አንድ በአንድ ይጥል ነበር። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች የገደል ፍየል መሳይ እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች ከወገቡ የሚታጠፍ አንድ ጎራሽ ይይዛሉ፤ ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ያንሳል፤ ካዝናና መቀርቀሪያ ስለሌለው አጭር ነው። እዚያ ሁለተኛ ጥይት ብትኖርም ባትኖርም ልዩነት የለውም፤ እንስሳው ገደሉን ዞሯል።

አንድ ነገር ከብዙ መጻሕፍት ላይ ይዘለላል፤ ግራኝ። የመቀርቀሪያው እጀታ ብዙ ጊዜ በቀኝ ነው፤ ግራኝ አዳኝ ለሁለተኛዋ ጥይት ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ወይም እጁን በላዩ አሻግሮ ይሠራል። በግራ የሚሠሩ መቀርቀሪያዎች አሉ፤ ምርጫቸው ግን ጠባብ ነው፤ ጥፍር ያለው ሲፈለግ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ከፊል አውቶማቲኮች ቀለሁን በቀኝ ስለሚወረውሩ በግራኙ ፊት ለፊት ያልፋል። ማንሻ፣ ፓምፕና መንታ አፈሙዝ ግን ለሁለቱም እጅ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። የትኛውንም ቢመርጥ፣ ግራኝም ይሁን ቀኝ፣ ገዢው ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ይዞ ሱቅ ይሂድ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ካዝናውን ሙሉ ያቀባብል፤ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ እንደ ደነገጠ ሰው። እንደ .375 ያለ ረጅም ጥይት መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ካልተሳበለት ካዝናው ውስጥ ይቀራል፤ ይህን ሻጩ አይነግረውም።